የጂፒኤስ ሪሲቨር ስትገዙ ከሄርዙ በፊት ፍሪኩዌንሲውን ጠይቁ

«10 ሄርዝ ያለው ከ1 ሄርዙ ይሻላል ወይ?» ከስልክና ከታብሌት ጋር በብሉቱዝ ስለሚገናኙ ሪሲቨሮች በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ማሳ የሚለኩ ናቸው፤ የሰው ይዞታ ድንበር ስላለበት በዝርዝር ልመልስ።

ሄርዝ የሚነግረን ሪሲቨሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ቦታውን እንደሚያሳውቅ ነው። ያሳወቀው ቦታ ትክክል መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ትጓዛለች። ስልካችን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንዴ ብቻ ስለሚመዘግብ የመንገዱ ጥምዝ ተቆርጦ ይቀራል፤ በ10 ሄርዝ ግን በየ2 ሜትሩ ነጥብ ይገኛል። መንገድ ለሚመዘግብ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ማሳ በእግሩ ለሚዞር ግን 1 ሄርዝ ይበቃዋል።

«የአሥሩን ንባብ አማካይ ብንወስድስ?» የሚሉም አሉ። ችግሩ የጂፒኤስ ስሕተት ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የመጡ አሥር ንባቦች ያንኑ ስሕተት ተሸክመው ይመጣሉ፤ አማካያቸውም ከእሱ አያመልጥም። አማካይ የሚጠቅመው ነጥቡ ላይ ብዙ ደቂቃ ቆሞ፣ ቢቻል ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ለሚለካ ነው።

ለእኛ አገር የማስበልጠው ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበለውን ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ ቀጠና ደግሞ ከምድር በላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር እጅግ ይታወካል፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት። ሲግናሉ በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ወደ ሜትሮች ስሕተት ይለወጣል። በኤል1 (1575.42 ሜጋ ሄርዝ) ብቻ የሚሠራ ሪሲቨር ሳተላይቶቹ በሚልኩት ግምታዊ ቀመር ያርማል፤ ቀመሩ ግን የታሰበው የስሕተቱን ግማሽ ያህል እንዲቀንስ ነው። ኤል5ን (1176.45 ሜጋ ሄርዝ) የሚጨምረው ሁለቱ ሲግናሎች የዘገዩበትን ልዩነት አይቶ መዘግየቱን ራሱ ማስላት ይችላል። ኤል5 ከሕንፃና ከገደል ተንጸባርቆ የሚመጣውንም ሲግናል በተሻለ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሁለቱን የሚቀበሉ ስልኮች ገበያ ላይ ስላሉ፣ አሮጌ ባለ10 ሄርዝ ሪሲቨር ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁትን ስልክ ፈትሹ። ያም ሆኖ የውጭ ሪሲቨር የተሻለ አንቴና አለው፤ መኪና ጣሪያ ላይም ይቀመጣል። ድንበር በሴንቲሜትር ለመለየት ግን ሁለቱም አይበቁም፤ በቅርብ ካለ ቋሚ ጣቢያ እርማት የሚቀበል መሣሪያ ያስፈልጋል።

አንድሮይድ «3 ሜትር» ብሎ ሲያሳያችሁ ደግሞ እውነተኛው ቦታ በዚያ ክብ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 68 በመቶ ነው ማለቱ ነው። አዲንዳን በሚባለው የካርታ ማጣቀሻ ሥርዓት የተሠሩ የቀድሞ ካርታዎቻችንን የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፦ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ84 ጋር ሳይዛመዱ ከቀሩ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ስሕተት የትኛውም ሪሲቨር አያርመውም።

አንድሮይድ ላይ የውጭ ሪሲቨርን በብሉቱዝ ማገናኘት ብቻ አይበቃም። የሪሲቨሩን አፕ ከጫናችሁ በኋላ በዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ሞክ ሎኬሽን» አፕ አድርጋችሁ ምረጡት፤ አለበለዚያ ካርታችሁ የስልኩን ጂፒኤስ እንደተጠቀመ ይቀጥላል። አይፓድ ላይ አፕል የፈቀደው ሪሲቨር ሲገናኝ ሥርዓቱ ራሱ ይቀበለዋል፤ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ የራሱ ጂፒኤስ ስለሌለው ለእሱ ሪሲቨሩ የግድ ነው።