የማሳወቂያ ሳጥን

የማሳወቂያ ሳጥን በድረ ገጽ ላይ አጭርና አስፈላጊ መልእክት ለተጠቃሚው የሚያደርስ፣ ከቀረው ጽሑፍ በቀለም፣ በጠርዝና በምልክት ተለይቶ የሚታይ የገጽ ክፍል ነው። በቅጽ አሞላል ላይ ስህተት መኖሩን፣ ክፍያ መፈጸሙን ወይም የተሰጠው ጊዜ ሊያበቃ መሆኑን ለመንገር ያገለግላል።

አመጣጥ

ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ፈጠረ። በዚህ ቋንቋ መልእክት ለማሳየት ቀላሉ መንገድ «አለርት» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የብራውዘሩን የራሱን መስኮት ይከፍታል፤ ተጠቃሚው «እሺ» የሚለውን እስኪጫን ድረስም ገጹ ሥራውን ያቆማል። የመስኮቱን መልክ የሚወስነው ብራውዘሩ ስለሆነ፣ የገጹ ሠሪ ቀለሙንም ሆነ የፊደሉን ዓይነት መለወጥ አይችልም። መልኩን ራሱ ለመወሰን የሚፈልግ ሠሪ ሳጥኑን በገጹ ውስጥ ይሠራል። በትዊተር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ የተለቀቀው ቡትስትራፕም ለዚህ የሚሆኑ ዝግጁ ሳጥኖች አሉት።

አሠራር

ኤችቲኤምኤል የመልእክቱን ጽሑፍ ይይዛል፤ ሲኤስኤስ መልኩን ይሰጠዋል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሳጥኑን በጊዜው ያሳያል ወይም ይሰውራል። የተለመዱት ቀለሞች የሚከተሉት ናቸው፦

• አረንጓዴ፦ ሥራው ተሳክቷል
• ሰማያዊ፦ ተራ መረጃ
• ቢጫ፦ ጥንቃቄ ያስፈልጋል
• ቀይ፦ ስህተት ወይም አደጋ አለ

ተደራሽነት

ቀለም ብቻውን መልእክት አይሆንም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰው፣ ሳጥኖቹ በቀለም ብቻ ከተለያዩ ማመልከቻው መግባቱን ወይም አለመግባቱን አያውቅም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.0 ቀለም ብቸኛው መለያ እንዳይሆን ይጠይቃል። «ስህተት» ወይም «ተሳክቷል» የሚል ቃል ከቀለሙ ጋር ቢጻፍ ችግሩ ይቃለላል። በመመሪያው መካከለኛ ደረጃ መሠረት፣ መደበኛ መጠን ባለው ጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት።

ዓይነ ስውራን ገጹን የሚያዳምጡት ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ብቅ ያለ ሳጥን ለዚህ ፕሮግራም ካልተጠቆመ ሳይነበብ ሊታለፍ ይችላል። በኤችቲኤምኤሉ ላይ «ሮል» ለሚባለው መለያ «አለርት» የሚል ዋጋ ሲሰጥ፣ ፕሮግራሙ የሚያነበውን አቋርጦ መልእክቱን ያሰማል። ለማይቸኩል መልእክት «ስታተስ» የሚለው ዋጋ ይመረጣል፤ እርሱ ንባቡን ሳያቋርጥ ተራውን ይጠብቃል።

የመልእክቱ ይዘት

ጥሩ መልእክት ችግሩን ከነመፍትሔው ይናገራል። «ስህተት ተፈጥሯል» ከማለት ይልቅ «የስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት፤ የጻፉት 9 ብቻ ነው» ማለት ተጠቃሚውን ይረዳል። የስህተት መልእክት በሴኮንዶች ውስጥ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግም አይመከርም፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይጨርሰው ያመልጠዋልና።