ፋራንግ በመድረክ ላይ፦ የታይላንድ ታዳሚ ከምዕራባውያን ሙዚቀኞች ምን ይጠብቃል?

(በወርኃዊው የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ሩቅ አገር ይወስደናል፤ ስለዚህ ከሚያቀራርበን አንድ ቃል ልነሣ። እኛ «ፈረንጅ» የምንለውን ሰው ታይላንዳውያን «ፋራንግ» ይሉታል። ሁለቱም ቃላት የተገኙት በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ይጠሩበት ከነበረው «ፍራንክ» ከሚለው ስም ነው፤ ወደየአገሩ የደረሱትም በዐረብና በፋርስ ልሳን በኩል ተሻግረው ነው። የማነሣው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ፋራንግ ባንኮክ ውስጥ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ ከእርሱ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ታዳሚው ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠብቃል። አንደኛው እንግዳው የራሱን ሙዚቃ ሳይቀንስና ሳያቃልል ይዞ እንዲመጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የገባበት ቤት ባለቤትና ሥርዓት ያለው መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ብዙዎቹ አለመግባባቶች የሚነሡት ሁለተኛው ጥበቃ «ታይላንዳዊ መስላችሁ ታዩ» የሚል ጥያቄ ሆኖ ስለሚተረጎም ነው።

ሙዚቃው እንግዳ አይደለም

ምዕራባዊ ሙዚቀኛ ወደ እስያ ሲጓዝ ሙዚቃውን ለማያውቀው ሕዝብ የሚያስተዋውቅ መልእክተኛ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በታይላንድ ይህ ግምት ከመነሻው አይሠራም። የንጉሣዊው መዝሙር ዜማ ፒዮትር ሹሮቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የደረሰው ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1888 ነው። ከ1932ቱ የሥርዓት ለውጥ በኋላ የመጣውን ብሔራዊ መዝሙር የደረሰው ደግሞ ፍራ ቼንዱሪያንግ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ፒተር ፋይት ነው፤ አባቱ የጀርመን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ የሙዚቃ መምህር፣ እናቱ ደግሞ የሞን ብሔረሰብ ተወላጅ ነበሩ። ይህ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም፤ የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሆኑን ታስታውሳላችሁ።

በ1939 በኡዋ ሱንቶንሳናን መሪነት የተቋቋመው የሱንታራፖርን ባንድ የታይላንድን ዜማ ከምዕራባዊ የዳንስ ኦርኬስትራ ጋር አዋሐደ። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ባንዶች፣ በተለይም ክሊፍ ሪቻርድና ዘ ሻዶውስ የተባሉት፣ ተጽዕ኏ቸው ከመበርታቱ የተነሣ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱ የአገሬው ወጣቶች ባንዶች «ዎንግ ሻዶው»፣ ማለትም «የሻዶው ባንድ»፣ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በቬትናም ጦርነት ዘመን ደግሞ በኡዶን ታኒ፣ በኮራትና በኡ-ታፓዎ በነበሩት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ዙሪያ የተከፈቱ የምሽት ክበቦች ለታይላንዳውያን ሙዚቀኞች የሮክና የሶል ትምህርት ቤት ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው። ታዳሚው ሙዚቃውን ያውቃል፤ የሚወደውንም ዘፈን ግጥም በቃሉ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በቶኪዮ ወይም በለንደን የሚቀርበው ዝግጅት ወደ ባንኮክ ሲመጣ መድረኩ ካነሰ፣ ዘፈኖቹ ከተቀነሱ፣ የሙዚቀኛውም ትጋት ከላላ ያስተውላል። «ለእናንተ ይበቃችኋል» የሚል መልእክት ያነብበታል።

የቤቱ ሥርዓት

ሁለተኛው ጥበቃ ከአዳራሹ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። በታይላንድ ቲያትር፣ ፊልምና ብዙ ኮንሰርቶች ከመጀመራቸው በፊት ንጉሣዊው መዝሙር ይሰማል፤ ታዳሚውም ይቆማል። ምሽቱ የሚከፈተው በእንግዳው ሳይሆን በቤቱ ነው ማለት ነው።

በባህላዊው ሙዚቃ ዘንድ ሥርዓቱ ከዚህም ይጠልቃል። «ዋይ ክሩ» የሚባለው ለመምህራን ክብር የሚቀርብበት ሥርዓት የሙዚቀኛውን ሕይወት ከጅምሩ ይመራዋል። መምህር ሲባልም በሕይወት ያለው አስተማሪ ብቻ አይደለም፤ ያለፉት ሊቃውንትና የጥበቡ ጠባቂ መናፍስትም ይጨመሩበታል። የሙዚቃ መሣሪያ በእግር አይታለፍም፤ ከላዩም ማንም አይራመድም። ራስ የሰውነት ክቡር ክፍል፣ እግር ደግሞ ዝቅተኛው ስለሆነ እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ክቡር ነገር ማመልከት ነውር ነው። አንድ የሮክ ጊታር ተጫዋች ጫማውን በድምፅ ማጉያው ላይ አሳርፎ ሲጫወት ባንኮክ ውስጥ ዛሬ አደባባይ የሚወጣ ሰው የለም፤ ወጣቱ ትርጉሙን ያውቃልና። ይሁን እንጂ ያው ሙዚቀኛ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ራሱን ዝቅ በማድረግ «ዋይ» የሚባለውን ሰላምታ ሲያቀርብ አዳራሹ የሚሰጠው ምላሽ ይህ ቋንቋ ገና ሕያው መሆኑን ያሳያል።

በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ በሚወደደው በ«ሉክ ቱንግ» ዘፈን ኮንሰርት አድናቂው ዘፈኑ ሳያልቅ ወደ መድረኩ ቀርቦ የአበባ ጉንጉን ያበረክታል፤ ጉንጉኑ ላይ የብር ኖት የሚሰካበትም ጊዜ አለ። የአዝማሪ ግንባር ላይ ገንዘብ ሲለጠፍ ያየ ሰው ምሥጢሩ አይጠፋውም። ሰጪው ራሱን ትኬት የገዛ ደንበኛ ብቻ አድርጎ አይቆጥርም፤ በጨዋታው ውስጥ ድርሻ ያለው ጋባዥ ነው። ምዕራባዊው ኮንሰርት ግን ከመድረኩ ፊት የብረት አጥርና የጥበቃ ሠራተኛ ያቆማል። የመስጫው መንገድ ስለተዘጋ ታዳሚው ፍቅሩን በሌላ መንገድ ይገልጻል፤ በአንድ ድምፅ ይዘምራል፤ በተመረጠ ዘፈን ላይ ሁሉም በአንድነት የሚያነሡት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ይመጣል። የሚጠብቀውም ሙዚቀኛው ይህን እንዲያይና እንዳየ እንዲያሳይ ነው።

በ1956 የመጡ ሁለት ሙዚቃዎች

ሐሳቤን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳልኝ የ1956 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት «ንጉሡና እኔ» የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃዊ ፊልም ወጣ። ፊልሙ የሲያምን ንጉሥ ሞንግኩትን በእንግሊዛዊት መምህርት ፊት የሚገራ ግልፍተኛ ሰው አድርጎ ያቀርባል። ታይላንድ ንጉሡን ያዋረደ ሥራ ነው ብላ እንዳይታይ ከለከለችው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አሜሪካዊው የክላሪኔት ሊቅ ቤኒ ጉድማን ከባንዱ ጋር በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድጋፍ ባንኮክ ገባ። በዙፋን ላይ የነበሩት ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ ራሳቸው ሳክስፎን የሚጫወቱና ጃዝ የሚደርሱ ሰው ነበሩ፤ ከቤተ መንግሥታቸው ሬዲዮ ጣቢያም ከራሳቸው ባንድ ጋር ሙዚቃ ያሰራጩ ነበር። ንጉሡና ጉድማን አብረው ተጫወቱ፤ በ1960ም ንጉሡ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ በኒው ዮርክ ደገሙት።

ሁለቱም ሥራዎች አሜሪካዊ ናቸው። ልዩነቱ ያለው እንግዳው በያዘው ስፍራ ላይ ነው። ፊልሙ ስለ ቤቱ ባለቤት፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ ለሌላ ተመልካች ተናገረ። ጉድማን የራሱን ሙዚቃ ይዞ መጣና ባለቤቱን አጫዋች አደረገው። በእርግጥ ንጉሥን የሚያህል አጫዋች የሚያገኝ እንግዳ ጥቂት ነው፤ ጉብኝቱም የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካ ከጀርባው ነበረበት። የግንኙነቱ መልክ ግን ለሕዝቡ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

ራስ ላይ የተደረገው ዘውድ

አሁን ወደ ግንቦት 2012 እንሻገር። ሌዲ ጋጋ ባንኮክ እንደደረሰች የውሸት ሮሌክስ ሰዓት መግዛት እንደምትሻ በትዊተር ጻፈች። ምናልባት ቀልድ ነበር። የሐሰት ሸቀጥ ገበያ በሚል ስም መጠራት የሰለቸው ሰው ግን በቀልዱ ውስጥ የቆየውን ስድብ ሰማ፤ የመንግሥት ባለሥልጣናትም ቅሬታቸውን ገለጹ። በራጃማንጋላ ስታዲየም በቀረበው ኮንሰርት ደግሞ «ቻዳ» የተባለውን የባህላዊ ውዝዋዜ ዘውድ ደፍታ፣ ገላዋን በሚያሳይ የመድረክ ልብስ፣ የታይላንድ ሰንደቅ ዓላማ በታሰረበት ሞተር ሳይክል ላይ ታየች። ብዙ አድናቂዎች በደስታ ጮኹ፤ ሌሎች ግን ተቆጡ።

የተቆጡት ምን አዩ? ቻዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። በራስ ላይ የሚደረግና በዋይ ክሩ ሥርዓት ክብር የሚሰጠው ነገር ነው። ሙዚቀኛዋ የአገሩን ምልክቶች ከጥሩ ስሜት አንሥታ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቶቹ ግን ከሥርዓታቸው ተነጥለው ነበር። እዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያነሣሁት አለመግባባት ይገለጣል። ሥርዓቱን ማወቅና ምልክቱን መልበስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅሬታው «ለምን እንደኛ አልለበሽም» የሚል ሳይሆን «የለበስሽውን ከማን ጠየቅሽ» የሚል ነው።

መታለፍና መቆጠር

ጥበቃው የሚጀምረው መብራት ሲጠፋ አይደለም፤ «ይመጣሉ ወይስ ያልፉናል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ቴይለር ስዊፍት ሰኔ 2014 ባንኮክ ውስጥ ልታቀርበው የነበረው ኮንሰርት በግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ተሰረዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2024፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያቀረበቻቸው ስድስት ምሽቶች ሁሉም በሲንጋፖር ሆኑ። የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታ ታቪሲን ሲንጋፖር ዝግጅቱን ለብቻዋ ለማድረግ ለእያንዳንዱ ኮንሰርት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፍላለች ሲሉ በአደባባይ ተናገሩ። ሲንጋፖር ድጋፍ መስጠቷን አመነች፤ መጠኑን ግን አልገለጸችም።

የአንድ አገር መሪ ስለ ዘፋኝ ጉዞ መግለጫ የሚሰጠው ለምንድን ነው? የቱሪዝም ገቢው አንዱ ምክንያት ነው። ከዚያ ባሻገር ግን የጉዞ ካርታ ላይ መገኘት ዛሬ በዓለም ፊት የመቆጠር ምልክት ሆኗል። ለአድናቂው ደግሞ መታለፍ ማለት የሚወደውን ድምፅ ለመስማት የአውሮፕላንና የሆቴል ዋጋ ጨምሮ ጎረቤት አገር መሄድ ነው፤ ይህን የማይችለው ከሙዚቃው ይቀራል።

አንድ ታዳሚ የለም

እስካሁን «የታይላንድ ታዳሚ» እያልሁ የተናገርሁት ለገለጻ ያህል ነው፤ ተማሪዎቼ በዚህ አጠራር እንዳትታለሉ አደራ እላለሁ። የሮያል ባንኮክ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን የሚከታተለው አረጋዊ፣ ከኢሳን ገጠር መጥቶ በፋብሪካ የሚሠራው የሉክ ቱንግ ወዳጅ፣ የኮሪያን ፖፕ ሲሰማ ያደገው ወጣት አንድ ዓይነት ጥበቃ የላቸውም። ከ2020ው የወጣቶች ንቅናቄ ወዲህ ንጉሣዊው መዝሙር ሲሰማ የማይቆም ሰው መብዛቱ የቤቱ ሥርዓት ራሱ በባለቤቶቹ መካከል ክርክር ያለበት መሆኑን ያሳያል። እንግዳው የሚገባው ሥርዓቱ ወደ ተቋጨበት ቤት ሳይሆን ቤተሰቡ ገና ወደሚነጋገርበት ነው።

ይህ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እንደ ጉድማን ሁሉ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አማካይነት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኝቷል። ስለ ጉብኝቱ ስንጽፍ የምናተኩረው በእንግዳው ላይ ነው። በዚያ ምሽት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ምን ጠብቆ እንደመጣ፣ ምንስ ይዞ እንደተመለሰ የጠየቅነው ጥቂት ነው። ያን ምሽት የሚያስታውሱ ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች መቅረጸ ድምፃችሁን ይዛችሁ ዛሬውኑ ብትነሡ መልካም ነው።