ቆማ የከረመች ቮልስ እንዴት ትነሣለች?

በጋውን ሙሉ ሳይጠመድ የከረመ በሬ በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አይታረስበትም። አንገቱ ይቆስላል። ብዙ ዓመት ቆማ የከረመች መኪናም እንደዚሁ ናት። በአንድ ጧት ተነሥታ ሩጪ አትባልም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ቮልስዋገን ነው። ሕዝቡ አሳጥሮ ቮልስ ይላታል። ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ ጉብ ያለ ትንሽ መኪና ናት። መጀመሪያ የተሠራችው በጀርመን አገር ነው። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነበር።

በከተማ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ የቆመች ቮልስ አትጠፋም። ዶሮ እንቁላል ይጥልባታል። አንድ ቀን የባለቤቱ ልጅ «እስቲ ትነሣ እንደሆን» ይልና ባትሪ ተበድሮ ቁልፉን ያዞራል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በዚያች ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያም የባሰ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይቆይ። በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይደረግ። ማርሽ ውስጥ ገብታ እንዳትሆን ይታይ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ውሃ አይጠጣም። የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚነፋው በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ታዲያ አይጥ በነፋሱ መንገድ ላይ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ሞተሩ በሙቀት ይቃጠላል። አይጥ ደግሞ ይህን ቦታ ትወደዋለች! ጨለማ ነው፤ ዝናብም አይገባውም። ጭራሮው፣ ጨርቁ፣ ገለባው ሁሉ ተለቅሞ ይውጣ።

ቀጥሎ ዘይት። አሮጌው ዘይት ከሥር ይፈስሳል። አዲስ ሁለት ሊትር ተኩል ይገባል። ከዚያ አራቱ ካንዴላዎች ይፈታሉ። ካንዴላ ማለት በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭር ትንሽ ዕቃ ነው። በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል። ከዚያስ? ምንም። ይታደራል። ሁለት ቀን ቢቆይ ደግሞ ይሻላል። ፒስተን የሚባለው ብረት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይመላለሳል። ዝገት አጣብቆት ከሆነ ዘይቱ ያላቅቀዋል። በማግሥቱ በዲናሞው ላይ ያለችው ዳዶ በ21 ቁጥር መፍቻ ተይዛ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሮ መጠበቅ ነው። በጉልበት መታገል ብረት ይሰብራል።

ባትሪው የሚቀመጠው በኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት፣ የኋለኞቹ 12 ቮልት ናቸው። ሳያውቁ ማሰር አምፖል ያቃጥላል። ካንዴላው ሳይገባ፣ ቤንዚንም ሳይቀዳ፣ የእሳቱ ሽቦ ተነቅሎ ሞተሩ በባትሪ ጥቂት ይዙር። በመሪው ፊት ያለችው የዘይት መብራት ስትጠፋ ዘይቱ በየቦታው ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የቆየ ቤንዚን ይበላሻል። ሽታው ይለወጣል፤ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት የቤንዚን ማስቀመጫ ከፊት ነው። እሱ ተራግፎ ይታጠብ። ቤንዚኑ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው በቀጭን ቱቦ ነው። ሞተሩ አጠገብ ሲደርስ ቱቦው ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ በዕድሜ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስንት ቮልስ በዚህ ነደደች! ቱቦው ግን ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሮጌው ደህና ቢመስልም ይጣል፤ አዲስ ይግባ። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋም በአጠገብ ይቀመጥ። በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። ቤንዚኑ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ካንዴላውና ሽቦው ይመለሳል፤ አዲስ ቤንዚን ይቀዳል። አሁን ቁልፉ ይዙር። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጎረቤት ይደነግጥ ይሆናል። የተንጠባጠበው ዘይት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠራል። የዘይቷ መብራት እንደ በራች ከቀረች ግን ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አይነሣ። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል እናንተ ከእኛ ከተማሪዎቹ በላይ ታውቃላችሁ። በመኪና ጭስ ውስጥም ያው ሽታ የሌለው መርዝ አለ።

ሞተሩ ሲነሣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ልጆች ይሰቀሉባታል። «እስከ ገበያው ደርሰን እንመለስ» የሚልም አይጠፋም። እኛ ግን ፍሬኑ ሳይፈተሽ ከግቢ አትውጣ እንላለን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውስጡን ያዝገዋል። ቆማ ሳለች ደህና የመሰለ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እስከ ወለሉ ሊሰምጥ ይችላል። መካኒክ አራቱንም ጎማ ፈትቶ ይየው። የተሰነጠቀ ጎማም ይለወጥ።

ጥቂት ቀን ከተነዳች በኋላ የሞተሩ ዘይት እንደገና ይቀየራል። አዲሱ ዘይት ጠቁሮ ቢወጣ አያስደነግጥም። የብዙ ዓመት እድፍ አጥቦ ነው የወጣው።