አየርና ደም የሚገናኙበት ስፍራ

በማለዳ በሃያ ሁለት ማዞሪያ ቆሞ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። በአንዱ ወገን ሰው ተሰልፎ ታክሲ ሲያጣ፥ በሌላው ወገን ታክሲ ቆሞ ሰው ያጣል። ሁለቱም ቢበዙ በአንድ ስፍራ ካልተገናኙ ጉዞ የለም። የሳንባም ሥራ ይህንኑ ይመስላል።

በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮችም ይከብቧቸዋል። ዐርፎ በተቀመጠ ጎልማሳ ሰው በየደቂቃው 4 ሊትር ያህል አየር ወደ ከረጢቶቹ ሲገባ፥ 5 ሊትር ያህል ደም በአጠገባቸው ያልፋል። ደሙም ኦክሲጅንን ከአየሩ ተቀብሎ ይሄዳል።

ታዲያ ተራ አስከባሪው ማን ነው? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በድመቶች ላይ መርምረው፥ ኦክሲጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች እንደሚጠብቡ አስረዱ። በሌላው የሰውነት ክፍል ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ በሳንባ ግን አየር ያጣው ክፍል ሥሩን አጥብቦ ደሙን አየር ወዳለበት ይመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ወሰን አለው። የሳንባ ምች ከረጢቶቹን በፈሳሽ ሲሞላ ሥሮቹ ፈጽመው ስለማይዘጉ፥ ከፊሉ ደም ኦክሲጅን ሳያገኝ ያልፋል። የታመመው ልጅ ትንፋሹን ቢያፈጥንም ጉድለቱ አይሞላለትም። በጤነኛው ክፍል የሚያልፈው ደም አስቀድሞ ሞልቶ የተነሣ ታክሲ ነውና፥ ተጨማሪ ተሳፋሪ ሊጭን አይችልም። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየርዋ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ጤነኛው ነዋሪ ለምዶታል፤ ለታመመ ሳንባ ግን የሚተርፈው ስንቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ልጅዎ ሲያስለው ወይም መተንፈስ ሲያስቸግረው፥ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቍጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፥ ወይም በማናቸውም ዕድሜ የልጁ ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ሲሰረጕድ፥ ከንፈሩም ሲጠቍር፥ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።