የከሰል ፍም፣ የተዘጋ ቤትና የሚዛን ሕግ

በላስታ ደጋ የታኅሣሥ ሌሊት እጅግ ብርድ ነው። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚመጣው ምእመን ከሩቅ ተጉዞ ደክሞ ስለሚደርስ፣ ባለቤቶቹ በአንዲት ክፍል ብዙ እንግዳ ያሳድራሉ፤ በሩን ይዘጋሉ፤ የከሰል ማንደጃውንም በመካከል ያኖራሉ። ሲነጋ አንዱ ራሱን ይዞ ይነሣል፣ ሌላውን ያቅለሸልሸዋል። «የጾሙ ነው፤ የመንገዱ ድካም ነው» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጨርሶ የማይነቃ ይገኛል። ያን ጊዜ የምንሰማው ቃል ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው፤ «ከሰሉ እኮ ጭስ አልነበረውም፤ በደጅ አቀጣጥለን ፍሙ ከቀላ በኋላ ነው ያስገባነው» የሚል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ አሳብ ስለ ምን ስሕተት እንደ ሆነ ለመግለጽ እንወዳለን። ምክንያቱ በኬሚስትሪ ትምህርት የሚዛን ሕግ ከሚባለው ውስጥ ይገኛል፤ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለንም።

ብዙዎቹ የኬሚካል ለውጦች ወደ ፊት ብቻ የሚሄዱ አይደሉም፤ የተሠራው ተመልሶ ይፈርሳል። መሥራቱና መፍረሱ በፍጥነት እኩል ሲሆኑ ለውጡ የቆመ ይመስላል፤ ይህም ሚዛን ይባላል። የላሊበላን የቅዳሜ ገበያ በእኩለ ቀን ከከፍታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ስለ ሆነ የሕዝቡ ብዛት አይለወጥም፤ ሰዎቹ ግን ያው አይደሉም። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንሪ ለሻተልዬ በ1884 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ሚዛን የሚያናውጥ ነገር ሲመጣ የሚሆነውን በአጭሩ አስታወቀ፤ ሚዛኑ የመጣበትን ለውጥ በከፊል ወደሚያቃልልለት ወገን ያዘነብላል። ከተዋሓጆቹ አንዱ ቢበዛ እርሱ ወደሚቀንስበት፣ ሙቀት ቢጨመር ሙቀት ወደሚበላበት ወገን ይሄዳል።

አሁን ወደ ማንደጃው እንመለስ። ከታች የሚገባው አየር ፍሙን ሲነካ በመጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለት በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለው ይወለዳል። ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲወጣ ከከሰሉ ጋር እንደ ገና ይዋሐዳል፤ ያን ጊዜ ከአንዱ እጅ ሁለት እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ሙቀት የሚበላ ነውና፣ ፍሙ በጋለ መጠን ሚዛኑ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያዘነብላል። ጋዞቹ ከከሰሉ ጋር ሚዛን እስኪይዙ ቢቆዩ፣ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፣ በ700 ዲግሪ ከግማሽ ያልፋል፤ በ1,000 ዲግሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም እርሱ ይሆናል። እንግዲህ ጭሱ ያለቀለት፣ ደምቆ የቀላው ፍም «ንጹሕ» የምንለው ራሱ የመርዙ ፋብሪካ ነው። የጠፋው ጭስ በደንብ ያልከሰለው እንጨት እርጥበትና ዝፍት ነበር እንጂ ሌላ አይደለም። በፍሙ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ በአየር ሲቃጠል ነው፤ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ግን ቀለምም ሽታም የለውም።

አስተዋይ ተማሪ «ክፍሉ ቀዝቃዛ ነውና ሚዛኑ ተመልሶ ጋዙን አያጠፋውምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው። በእርግጥ በቅዝቃዜ ሚዛኑ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ነገር ግን ሚዛን ወዴት እንደሚያዘነብል አንድ ነገር ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ሌላ ነገር ነው። ጋዙ ከፍሙ ተለይቶ ድንገት ሲበርድ ለውጡ በቆመበት ይቀራል። ውሃ በጣሳ ሞልቶ ከማንደጃው አጠገብ ማኖርም አይረዳም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን በደማችን ውስጥ ነው። ቀዩ የደም ሕዋስ የያዘው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን በሳንባ ተቀብሎ በአካል ውስጥ ይለቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድም በዚያው ስፍራ ይቀመጣል፤ አያያዙ ግን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። በአየር ውስጥ ኦክሲጅን ከመቶ 21 እጅ ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢገኝ፣ ሰውየው ለሰዓታት ሲተነፍሰው ካደረ ከሄሞግሎቢኑ ግማሽ ያህሉ ይወሰድበታል። በላሊበላ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ከዚያም በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ የሚኖረው ያነሰ ያገኛል። ከትንሽ ላይ ሲሰረቅ ቶሎ ይታወቃል። የጥንቱ ክብ የድንጋይ ቤት በሣር ክዳኑ በኩል ይተነፍሳል፤ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ኮርኒስ ተሠርቶለት፣ ቀዳዳው በላስቲክ የተደፈነው ክፍል ግን የገባበትን ሁሉ ይዞ ያድራል። ቤቱ አማረ፤ ማንደጃው ግን ያው ነው።

ሕክምናውም ከዚያው ሕግ ይገኛል። ኦክሲጅን ሲበዛ ሚዛኑ ይመለሳል። ስለዚህ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ በሽተኛውን ወዲያው ወደ ደጅ ማውጣት ይገባል፤ ሊያወጣ የገባውም ሰው በዚያ አየር ውስጥ እንዳይቆይ። ለደከመ ሰው ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው እንዲያውም ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በተራ አየር ከደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክሲጅን በጭንብል ቢሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። በሽተኛውን የሚያመጡ ሰዎች በከሰል ቤት ማደሩን አስቀድመው ይንገሩ፤ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች ስለማይለይ ደሙ ጤነኛ እንደ ሆነ አድርጎ ያሳያልና። እርጉዝ ሴት ከሆነች ደግሞ «ተሽሎኛል» ብትልም ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ጋዙን ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የእርስዋ ደም ከጠራ በኋላም ልጁ ገና አልተለቀቀም።