ከብርሃን ቀደሙ የተባሉት ቅንጣቶች እና በቅጡ ያልጠበቀው የገመድ ማገናኛ

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2011 (መስከረም 12 ቀን 2004 ዓ.ም) ጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) አዳራሽ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው የፊዚክስ ባለሙያዎች ተሰብስበው ነበር። የዕለቱ ተናጋሪ ዳሪዮ አውቲዬሮ "ኦፔራ" የተሰኘውን የምርምር ቡድን ወክለው ያቀረቡት ውጤት በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ከሰርን ተነስተው በማዕከላዊ ኢጣሊያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወደሚገኘው ቤተ ሙከራ ሲጓዙ፣ ብርሃን ርቀቱን ለመሸፈን ከሚወስድበት ጊዜ 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደርሰዋል።

ናኖ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በ60 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 18 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም የሚያስከትለው መዘዝ ግን ቀላል አልነበረም። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ በ1905 ይፋ ያደረጉት የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ከብርሃን ፍጥነት የሚበልጥ ፍጥነት ያለው ቅንጣት እንደማይኖር ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው የፊዚክስ ሳይንስ የተመሠረተው በዚህ ወሰን ላይ ነው። ቡድኑ ያገኘው ልዩነት ደግሞ እርሱ ራሱ ካሰላው የስህተት መጠን ስድስት እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ በአጋጣሚ የተከሰተ ነው ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ውጤቱ የቀረበው በችኮላ እንዳልነበረ የሥራው ዝርዝር ያሳያል። በሰርንና በግራን ሳሶ መካከል ያለው ርቀት 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኒውትሪኖዎቹ ይህን መንገድ የሚያቋርጡት በምድር ውስጥ፣ ዐለቱን ሰንጥቀው ነው። ኒውትሪኖ ከቁስ ጋር የሚገናኘው ከስንት አንዴ ስለሆነ ተራራም ሆነ ዐለት አያግደውም። ብርሃን ይህን ርቀት ለመሸፈን ከሰከንድ ሺህኛ ክፍል 2.4 ያህል ይበቃዋል። የፍጥነት ስሌቱ ደግሞ የተማሪ ሂሳብ ነው፤ ርቀትን ለጊዜ ማካፈል ብቻ። ችግሩ ሁለቱን ቁጥሮች በሚፈለገው ጥራት ማግኘቱ ላይ ነው።

ርቀቱን ለመለካት የቅየሳ ባለሙያዎች የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ (ጂ.ፒ.ኤስ) ተጠቅመዋል። የሳተላይት ምልክት ከተራራው ሥር ስለማይደርስ፣ ልኬቱን በቤተ ሙከራው አጠገብ በሚያልፈው የአውራ ጎዳና ዋሻ በኩል ወደ ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው። በመጨረሻም 730 ኪሎ ሜትሩን በ20 ሳንቲ ሜትር የስህተት ወሰን ለክተዋል። እ.ኤ.አ በአፕሪል 2009 በላኩዊላ ከተማ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የመመርመሪያ መሣሪያውን ሥፍራ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንቀሳቀሱ እንኳ በልኬታቸው ላይ በግልጽ ታይቷል። በሁለቱም ጫፍ የሚገኙት ሰዓቶች እኩል መቁጠራቸውን ደግሞ ከቡድኑ ውጭ የሆኑ የስዊዘርላንድና የጀርመን የሥነ ልክ ተቋማት አረጋግጠዋል። ለሦስት ዓመታት ያህል በተካሄደው ምልከታ ከ15 ሺህ በላይ የኒውትሪኖ ክስተቶች ተመዝግበዋል።

የቡድኑ ቃል አቀባይ ፕሮፌሰር አንቶኒዮ ኤሬዲታቶ በወቅቱ "አንስታይን ተሳስተዋል" አላሉም። ቡድኑ ለወራት ስህተት ሲፈልግ ቆይቶ ሊያገኝ እንዳልቻለና ሌሎች የዘርፉ ባለሙያዎች እንዲመረምሩት በሚል ውጤቱን ይፋ ማድረጉን አስታውቀዋል። በዚህ አቋም ያልተስማሙና ስማቸው በጽሑፉ ላይ እንዳይሰፍር ያደረጉ የቡድኑ አባላትም ነበሩ።

መገናኛ ብዙኃንና አንዳንድ የመንግሥት አካላት ግን ይህን ጥንቃቄ አልተከተሉም። በጉዳዩ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የኢጣሊያ የትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሚኒስቴር ነው። ሚኒስትሯ ማሪያስቴላ ጄልሚኒ ባወጡት የደስታ መግለጫ በሰርንና በግራን ሳሶ መካከል ለተሠራው ዋሻ ግንባታ ኢጣሊያ 45 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ማዋጣቷ ተመልክቶ ነበር። እንዲህ ያለ 730 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ በዓለም ላይ የለም፤ ለኒውትሪኖም አያስፈልገውም። መግለጫው በአገሪቱ መሳለቂያ ከሆነ በኋላ ሚኒስቴሩ ለማስተባበል ቢሞክርም የሚኒስትሯ ቃል አቀባይ በቀናት ውስጥ ቦታቸውን ለቀዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ ጥርጣሬው የጀመረው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ነበር። ከቀረቡት መከራከሪያዎች ጠንካራው ከሰማይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 1987 ከምድር 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ የምትገኝ ኮከብ ስትፈነዳ፣ የፍንዳታው ኒውትሪኖዎችም ሆኑ ብርሃኑ ወደ ምድር የደረሱት በሰዓታት ልዩነት ብቻ ነው። ኒውትሪኖዎቹ ጥቂት ሰዓት መቅደማቸውም ከኮከቧ ውስጥ ቀድመው በመውጣታቸው የሚገለጽ ነው። የኦፔራ ቁጥር ትክክል ቢሆን ኖሮ ከአራት ዓመት በላይ ቀድመው በደረሱ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው ሼልደን ግላሾውና አንድሪው ኮኸን በበኩላቸው፣ ከብርሃን የሚፈጥን ኒውትሪኖ በጉዞ ላይ ኃይሉን እየረጨ ስለሚያልቅበት በኦፔራ በታየው የኃይል መጠን ግራን ሳሶ ሊደርስ እንደማይችል በስሌት አሳይተዋል።

የኦፔራ ቡድን ለዚህ የሰጠው ምላሽ ሙከራውን መድገም ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ከሰርን የሚላከው የቅንጣቶች ጭፍራ ረጅም ስለነበር የትኛው ኒውትሪኖ መቼ እንደተነሳ ለይቶ ማወቅ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ በኦክቶበርና በኖቬምበር 2011 እያንዳንዳቸው 3 ናኖ ሰከንድ ብቻ የሚረዝሙ አጫጭር ጭፍራዎች ተላኩ። ሃያ ኒውትሪኖዎች ተመዘገቡ። ውጤቱም ያው ሆነ፤ 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመዋል። በርካታ ጋዜጦችም ግኝቱ "ተረጋገጠ" ብለው ዘገቡ።

ይሁንና የተረጋገጠው ስህተቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻ ነበር። ነገሩን ለመረዳት በአንድ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የተሰቀለ ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል እንበል። 2 ሰዓት ከ40 ላይ የገባ ሠራተኛ በሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡ ላይ 2 ሰዓት ከ30 ብሎ ይፈርማል። የአንድ ቀን ፊርማ አያሳምንም ተብሎ የዓመቱ ሁሉ ተሰብስቦ አማካዩ ቢሰላ፣ ሠራተኛው ሰዓት አክባሪ መሆኑ ይበልጥ የተረጋገጠ ይመስላል እንጂ እውነቱ አይወጣም። በሌላ ሰዓት እስካልታየ ድረስ የፊርማው ብዛት የሚጨምረው ፋይዳ የለም። አስራ አምስት ሺህ ክስተቶችም ሆኑ ሃያዎቹ የተፈረሙት በአንድ ሰዓት ነው።

የኦፔራ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ደግሞ እጅግ ተራ ነው። የሳተላይቱን ሰዓት የሚቀበለው መሣሪያ ከተራራው ውጭ ሲሆን፣ ምልክቱ ወደ ምድር ውስጡ ዋና ሰዓት የሚደርሰው 8 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነው። ምልክቱ በገመዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አስቀድሞ ተለክቶ በስሌቱ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ገመዱ ከሰዓቱ ጋር የሚያያዝበት ማገናኛ በቅጡ አልጠበቀም ነበር። ማገናኛው ሲላላ ምልክቱ አይቋረጥም፤ ቢቋረጥ ኖሮ ጉድለቱ በዕለቱ በታወቀ ነበር። የሚሆነው የሚያልፈው ብርሃን መቀነስ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ምልክት ደርሷል ብሎ ለመመዝገብ የተወሰነ የብርሃን መጠን ማጠራቀም ስላለበት፣ ብርሃኑ ሲደክም ለማጠራቀም የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። በዚህ ሳቢያ ምልክቱ 73 ናኖ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ዋናው ሰዓትም በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚደርሱት ኒውትሪኖዎችም ከእውነተኛ ሰዓታቸው ቀድመው እንደደረሱ ሆነው ይመዘገባሉ።

ከዚህ ሌላ የዋናው ሰዓት አቆጣጠር ከትክክለኛው ፍጥነት በጥቂቱ የዘነፈ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁለተኛው ስህተት በተቃራኒው አቅጣጫ 15 ናኖ ሰከንድ ያህል ይስባል። ሁለቱ ሲቻቻሉ የሚቀረው ልዩነት ዓለምን ያነጋገረው 60 ናኖ ሰከንድ ነው ማለት ይቻላል።

አስደናቂው ነገር ጥንቃቄው የተደረገበትና ያልተደረገበት ቦታ ነው። አስቸጋሪ ነው የተባለው ሥራ ማለትም በሁለት አገሮች ያሉ ሰዓቶችን ማስተካከልና ከተራራ ሥር ርቀት መለካት የውጭ ተቋማት ሳይቀሩ ገብተውበት ተፈትሿል። ቀላል ነው የተባለው የገመድ መዘግየት ግን ከዓመታት በፊት በተሠራ ልኬት ታልፏል። ገመዱ እንደገና የተለካው ውጤቱ ይፋ ከሆነ በኋላ፣ በዓመቱ መጨረሻ ነበር።

ሰርን ሁለቱን ችግሮች እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በይፋ አስታወቀ። ማገናኛው ከመቼ ጀምሮ እንደላላ ያልታወቀ በመሆኑ ግን ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር። ምስክሩ የተገኘው ከጎረቤት ነው። በዚያው ቤተ ሙከራ ከኦፔራ 160 ሜትር ያህል ርቆ ኤል.ቪ.ዲ የተባለ፣ የራሱ ሰዓት ያለው ሌላ መመርመሪያ መሣሪያ ነበር። ከጠፈር የሚመጡ ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ተራራው በሚሳሳበት አቅጣጫ አግድም ገብተው አልፎ አልፎ ሁለቱንም መሣሪያዎች ያቋርጡ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚወስድባቸው ጊዜ ከዓመት ዓመት መለዋወጥ የለበትም። የሁለቱ ቡድኖች ባለሙያዎች የዓመታት መዝገብ አውጥተው ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ክስተቶችን ሲያመሳክሩ ከኦገስት 2008 እስከ ዲሴምበር 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ 73 ናኖ ሰከንድ ያህል መዛነፍ ተገኘ። የኒውትሪኖው ልኬት በሙሉ የተካሄደው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። መረጃው ለዓመታት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሲሆን ጎን ለጎን አድርጎ ያየው አልነበረም።

በማርች 2012 ደግሞ በኖቤል ተሸላሚው ካርሎ ሩቢያ ይመራ የነበረውና በወቅቱ በግራን ሳሶ የነበረው የኢካሩስ ቡድን፣ በራሱ መሣሪያ ሰባት ኒውትሪኖዎችን መዝኖ ፍጥነታቸው ከብርሃን እንደማይበልጥ አስታወቀ። ሰባቱ ከአስራ አምስት ሺሁ በላይ ክብደት ያገኙት በሌላ ሰዓት ስለተለኩ ነው። በወሩ መጨረሻ ፕሮፌሰር ኤሬዲታቶና አውቲዬሮ ከኃላፊነታቸው በፈቃዳቸው ለቀቁ። በጁን 2012 በጃፓን ኪዮቶ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኒውትሪኖ ጉባዔ ላይ የሰርን የምርምር ዳይሬክተር ሰርጂዮ ቤርቶሉቺ በግራን ሳሶ የሚገኙ አራት ሙከራዎች፣ ኦፔራ ራሱ ጭምር፣ ኒውትሪኖ ከብርሃን እንደማይፈጥን ማረጋገጣቸውን ገለጹ።

በሁለቱ ኃላፊዎች ላይ የደረሰው ከመጠን ያለፈ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አስተያየታቸውም ክብደት አለው። ስህተቱን ያገኘው የራሱ የኦፔራ ቡድን ነው፤ ካገኘም በኋላ አልደበቀውም። ጥፋት ከተባለም የሚነሳው ውጤቱን ይፋ ማድረጉ ሳይሆን፣ በዓለም ፊት ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ሳምንታት ወስዶ ገመዱን እንደገና አለመለካቱ ነው።

በፊዚክስ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአውስትራሊያ በሚገኘው የፓርክስ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ሲመዘገቡ የኖሩ እንግዳ ምልክቶች እ.ኤ.አ በ2015 ሲጣሩ፣ ምንጫቸው የግቢው የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ ሆኖ ተገኝቷል። ማሞቂያው ሥራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት ምልክት ያመልጥ ነበር።

ያልተጠበቀ ቁጥር ሁሉ ግን የመሣሪያ ስህተት አይደለም። አሜሪካዊው ሬይመንድ ዴቪስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሳውዝ ዳኮታ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን ሲቆጥሩ ያገኙት ከሚጠበቀው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ብዙዎች መሣሪያቸውን ተጠራጠሩ። እርሳቸው መሣሪያቸውን ደጋግመው ፈተሹ፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2001 እና በ2002 በካናዳ የተካሄደ የተለየ ዓይነት ሙከራ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀይሩና የዴቪስ መሣሪያ የተቀየሩትን ማየት እንደማይችል አረጋገጠ። ዴቪስ እ.ኤ.አ በ2002 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ የ88 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

ኦፔራ የተቋቋመውም የኒውትሪኖን ፍጥነት ለመለካት ሳይሆን ይህንኑ የዓይነት ለውጥ በቀጥታ ለማየት ነበር። ፍለጋውን ቀጥሎም እ.ኤ.አ በጁን 2015 ከሰርን የተላከ ኒውትሪኖ በመንገድ ላይ ታው ወደተባለው ዓይነት ተለውጦ የደረሰበትን አምስተኛ ክስተት ማግኘቱን አስታወቀ። በመስኩ ሕግ መሠረትም ግኝት ለመባል የሚያበቃውን ደረጃ አሟልቷል። ይህኛውን ዜና የዘገቡት ጋዜጦች ግን ጥቂት ናቸው።