የመነጽር ወረቀትዎ ምን ይላል?

«ቁጥርሽ ስንት ነው?» መነጽር ያደረጉ ሰዎች ሲገናኙ የማይቀር ጥያቄ ነው። «ማይነስ ሦስት» ስትል፣ ማይነስ አንዱ «ውይ! አንቺማ ጭራሽ አታዪም» ይላታል። ብዙዎቻችን ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት እናየዋለን። ቁጥሩ ግን ርቀት ነው፤ ዓይናችን ያለ መነጽር እስከየት ድረስ ጥርት አድርጎ እንደሚያይ ይናገራል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ መቶን ለቁጥሩ ያካፍሉት። ማይነስ 1 የሆነ ሰው እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ያለ መነጽር አጥርቶ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይደበዝዝበታል። ማይነስ 2 እስከ 50፣ ማይነስ 4 እስከ 25፣ ማይነስ 5 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያያል። ማይነስ ሦስቷ ሴት እንግዲህ መጽሐፏን 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዛ ያለ መነጽር ታነባለች፤ የአውቶቡሱን ቁጥር ግን አጠገቧ እስኪደርስ አትለየውም። መለኪያው ዳይኦፕተር ይባላል፤ ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ፈርዲናንድ ሞኖየ እ.ኤ.አ. በ1872 ያቀረበው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ አንብበን የምናገኘው 6/6 ወይም 20/20 ሌላ ልኬት ስለሆነ ሁለቱን አያምታቱ።

ማዮፒያ የሚባለው ይህ ሩቁ የሚደበዝዝበት ችግር በአብዛኛው የሚመጣው የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ ሲረዝም ነው። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን የዓይን ውስጠኛ የኋላ ሽፋን በሆነው ሬቲና ላይ መገናኘት ሲገባው ቀድሞ ከፊቱ ይገናኛል። ማይነስ ሌንስ ብርሃኑን ትንሽ በተን ያደርግና መገናኛውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፕላስ ሌንስ ሥራው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ማይነስ 2 የሆነ ዓይን በስህተት ፕላስ 2 ቢደረግለት ብዥታው የማይነስ 4 ይሆንበታል። መንገድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡት ርካሽ የንባብ መነጽሮችም ፕላስ ናቸው፤ ዕድሜው ከ40 አልፎ ጽሑፍ ለሚደበዝዝበት ሰው እንጂ ሩቅ ለማይታየው ወጣት አይሆኑም።

አሁን አንድ ወረቀት ለምሳሌ ያህል እንግለጥ። ቀኝ ዓይን (ብዙ ጊዜ «ኦዲ» ተብሎ ይጻፋል)፦ ስፌር ማይነስ 2.75፣ ሲሊንደር ማይነስ 0.50፣ አክሲስ 180። ግራ ዓይን («ኦኤስ»)፦ ስፌር ማይነስ 3.25፣ ሲሊንደር የለም። ስፌር የሚለው ዋናው ቁጥር ነው፤ በ0.25 እየጨመረ ይሄዳል። ሲሊንደር የአስቲግማቲዝም መጠን ነው፤ የዓይኑ የፊት ገጽ እንደ ኳስ እኩል ክብ ሳይሆን ወደ እንቁላል ቅርጽ ሲያደላ የሚጨመር ኃይል ነው። አክሲስ ደግሞ ያ ኃይል በየትኛው አቅጣጫ እንደሚቀመጥ በዲግሪ ይናገራል፤ ከ1 እስከ 180 ይደርሳል። አክሲስ 180 ከአክሲስ 20 የባሰ ሕመም አይደለም፤ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ያው ቀኝ ዓይን ሌላ ክሊኒክ ቢመረመር ወረቀቱ «ማይነስ 3.25፣ ፕላስ 0.50፣ አክሲስ 90» ሊል ይችላል። ዓይኑ አልባሰበትም፤ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ሌንስ ናቸው። አንዳንዱ ባለሙያ ሲሊንደሩን በማይነስ፣ አንዳንዱ በፕላስ ይጽፋል። ስፌሩን ከሲሊንደሩ ጋር ደምሩ፤ የሲሊንደሩን ምልክት ገልብጡ፤ አክሲሱን በ90 አዙሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ትደርሳላችሁ። ሁለት ወረቀት ከማወዳደራችሁ በፊት የሲሊንደሩን ምልክት እዩ።

ከቁጥሮቹ ጋር «ፒዲ» የሚባል በሚሊ ሜትር የተጻፈ ልኬት ሊኖር ይችላል፤ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የብዙ አዋቂ ሰው 63 ገደማ ነው። ከወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው፤ መነጽር ቤቱ ይለካዋል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው የሌንሱ መሐል ከብሌኑ ከሸሸ ዓይኑ ይደክማል፣ ራሱንም ያመዋል።

በመነጽር ወረቀት ኮንታክት ሌንስ መግዛት አይቻልም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ ኮንታክት ግን ዓይኑ ላይ ያርፋል። ማይነስ ሌንስ ወደ ዓይን ሲቀርብ ኃይሉ ስለሚጨምር የኮንታክቱ ቁጥር ዝቅ ማለት አለበት። እስከ ማይነስ 4 ድረስ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ማይነስ 8 ላይ ግን ኮንታክቱ ማይነስ 7.25 ይሆናል። በተጨማሪ የሌንሱ ጉብጠት (ለምሳሌ 8.6)፣ ስፋቱ (ለምሳሌ 14.2) እና ዓይነቱ ይጻፋል፤ እነዚህ የሚታወቁት ሌንሱ ዓይን ላይ ተሞክሮ ነው። በቧንቧ ውኃ አለማጠብና አድርጎ አለመተኛት ደግሞ የግድ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚገኝ አካንታሚባ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ኮርኒያን (የዓይኑን የፊት ገጽ) ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

አሜሪካ የምትኖሩ፣ ምርመራው እንዳለቀ የመነጽሩን ወረቀት ቅጂ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ደንብ የተረጋገጠ መብታችሁ ነው፤ የኮንታክቱም ቢሆን ልኩ ተወስኖ ሲያልቅ እንዲሁ። መነጽሩን እዚያው እንድትገዙ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

«መነጽር ዓይንን ያሰንፋል» ብለው ለልጃቸው ከቁጥሩ ያነሰ መነጽር የሚያሠሩ ወላጆች አሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማሌዥያ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ዝቅ ያለ ቁጥር የተሰጣቸው ልጆች ማዮፒያቸው እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ፈጠን ብሎ እንደጨመረ አሳይቷል። ልጁን የሚጠቅመው ትክክለኛው መነጽርና በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው።

ቁጥራቸው ከማይነስ 6 በላይ የሆነ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። መነጽርም ሆነ ኮንታክት፣ በሌዘር የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ቢሆን እይታን እንጂ የዓይንን ርዝመት አያስተካክልም፤ የተለጠጠ ሬቲና የመቀደድና የመላቀቅ ዕድሉ እንዳለ ይቆያል። ድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ ካዩ፣ ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።